ሃያ ቀን ለጥቁሯ ጨረባ

ጋሽ ደምሴ ባለፈው ጥቅምት ሞቱ። ቀብራቸው ላይ የሕይወት ታሪካቸውን ያነበበው የዕድራቸው ጸሐፊ ገና ወጣት ነው። ወረቀቱን ዘርግቶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ጎሬ አካባቢ ተወለዱ፤ በባሕር ዳር በባዮሎጂ መምህርነት ለብዙ ዓመታት አገለገሉ፤ ከዚያም በገዛ ፈቃዳቸው ወደ ቆላ አገር ተዛውረው እስከ ጡረታቸው ድረስ ያለ እንከን ሠሩ» ሲል ደሜ ፈላ። በገዛ ፈቃዳቸው! ሰው ሬሳ ፊት እንዲህ ይዋሻል? ለቀስተኛው ግን ራሱን እየነቀነቀ ሰማ። ከጎኔ የቆመች ሴት «የዋህ ሰው ነበሩ፣ ምስኪን» ብላ ከንፈሯን መጠጠች። የዋህም ምስኪንም አልነበሩም። እንዲህ የሚባልላቸው ማንም ሊጠይቅላቸው ያልፈለገ ሰዎች ናቸው።

በልጁ አልፈርድም። ያነበበው ከሥራ ማኅደራቸው ተገልብጦ የተሰጠውን ነው። ማኅደሩ ውስጥ ያለውን ወረቀት በጽሕፈት መኪና የመታሁት ደግሞ እኔ ነኝ። በደርግ ጊዜ ጋሽ ደምሴ የሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበርሁ። የተናደድሁት በሌላ ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀብር አስቀብሬ፣ ንፍሮ ቀምሼ ወደ ቤቴ እገባ ነበር።

ስለ ወፎቹም አንድ ቃል አልተነበበም። ጋሽ ደምሴን ያለ ጥቁሯ ጨረባ ማንሣት ገበሬን ያለ በሬው ማንሣት ነው።

ረዘም ያሉ፣ ትከሻቸው ጎበጥ ያለ፣ ክረምት ከበጋ ያንኑ ቡናማ ኮት የሚለብሱ ሰው ነበሩ። ከኮቱ ኪስ ሲባጎ፣ የእርሳስ ቁራጭና የክብሪት ሳጥን አይጠፋም። ሳጥኑ ውስጥ ግን ክብሪት የለም፤ ጥንዚዛ ነው ያለው። አንድ ቀን በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሲጋራ ሊለኩስ የፈለገ የሒሳብ መምህር ሳጥኑን ከፍቶ ጩኸቱን ለቀቀው። ሁላችን ስንስቅ ጋሽ ደምሴ ወንበር ሥር ተንበርክከው ጥንዚዛውን ይፈልጉ ነበር። «እሱ ነው የደነገጠው» አሉ፤ መምህሩን ማለታቸው አልነበረም።

አንድ ልማድ ነበራቸው። ማንም ወሬ ይዞ ቢመጣ እስከ መጨረሻው ይሰሙትና «አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?» ይሉታል። «ሰምቼ ነው» ካለ «እንግዲያው አይተን እንነጋገራለን» ብለው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ዛሬ ሲነገር ቀላል ይመስላል። በዚያን ጊዜ ግን ሰው የሚታሰረው በተሰማ ነገር ነበር። አንድ ጊዜ በስብሰባ ላይ የግቢው አትክልተኛ መንግሥትን ያማል ተብሎ ስሙ ተነሣ። ሁሉም አንገቱን ሲደፋ ጋሽ ደምሴ እጃቸውን አውጥተው ያችኑ ጥያቄያቸውን ጠየቁ። ከሳሹ ተንተባተበ፤ ከሌላ ሰው ነው የሰማሁት አለ፤ ሌላውም ከሌላ። አትክልተኛው ያን ቀን ቤቱ አደረ። ጋሽ ደምሴ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በፈለቀ ዓይን ገቡ።

ፈለቀ ምክትል ርዕሰ መምህራችን ነበር፤ ፖለቲካ የምንማርበት የውይይት ክበብም ሰብሳቢ እሱ ነው። ጓድ ፈለቀ ነበር የምንለው። ዕድሜው የአንቱታ ዕድሜ ነበር፤ እኔ ግን ዛሬ አንቱ ልለው አልችልም፣ ይቅርታ። «እሱም እኮ የበላዮቹን ፈርቶ ነው» የሚሉኝ አሉ። ማን ያልፈራ ነበር? የእሱ ፍርሃት ብቻ ነው እንዴ የሌላ ሰው ቤት የሚያፈርሰው?

ወደ ጨረባዋ ልመለስ። ከቤት ጣሪያ ሥር በጭቃ ጎጆ የምትሠራውን ጨረባ የማያውቃት የለም። የጋሽ ደምሴ ጨረባ ሌላ ናት። ከድንቢጥ ብዙም አትበልጥም፤ መላ አካሏ ጥቁር ነው፣ ፀሐይ ሲያርፍባት ወደ ሰማያዊ የሚያደላ። ጅራቷ ለሁለት የተሰነጠቀ ነው። በበረራ ላይ ዘንበል ስትል ከክንፏ ሥር ነጭ ብልጭ ይላል። ሜዳ አትወድም፤ ደጋማ ደን፣ ያውም የደኑ ዳር ነው ቦታዋ። ከሰው ቤት አትጠጋም፤ የአፈር ገደል ላይ ክንድ የሚያህል ጉድጓድ ፍቃ ትገባና እዚያ ውስጥ ጫጩት ትፈለፍላለች። ጋሽ ደምሴ በልጅነታቸው በጎሬ ደን ያውቋት ነበር። ባሕር ዳር ተመድበው በመጡ ዓመት ከመምህራን ጋር ዘጌን ሊጎበኙ ሄደው፣ ከጀልባው ወርደው ወደ ገዳሞቹ በሚወስደው የእግር መንገድ ላይ ድንገት አዩዋት። ቆመው «አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አሉ አሉ፣ ጮክ ብለው፣ የአገራቸውን ሰው በሰው አገር እንዳገኘ ሰው። ከዚያ ወዲያ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የሚነሣው የዘጌ ጀልባ ያለ ጋሽ ደምሴ አይሄድም።

እኔም አንድ እሁድ አብሬያቸው ሄድሁ። ከወደቡ ትንሽ ወጣ ብሎ መንገዱ ዳር ቀይ የአፈር ገደል አለ፤ ከላዩ ደኑ፣ ከፊቱ የአያ ጥላሁን ቡና። አያ ጥላሁን ዘጌ ተወልደው ዘጌ ያረጁ ሰው ናቸው። ከቡናቸው ሥር ለጋሽ ደምሴ የጉቶ መቀመጫ አዘጋጅተውላቸዋል።

«መጀመሪያ ሳያቸው ወርቅ የሚሹ መስሎኝ ነበር» አሉኝ አያ ጥላሁን። «ቀኑን ሙሉ ገደል ፊት ተቀምጦ የሚውል ሰው ሌላ ምን ይሻል? ኋላ ቀርቤ ብጠይቃቸው ወፍ ነው የማየው አሉኝ። ወፍማ እኛስ ሞልቶን የለ፣ ብዬ ትቻቸው ሄድሁ። አሁን ግን እኔም ተለከፍሁ፤ ቡና ስለቅም እንኳ ዓይኔ ወደዚያው ነው።»

ወፎቹ ድምፅ የላቸውም ማለት ይቻላል። ወደ መሬት ዝቅ ብለው እየተወዛወዙ ይመጣሉ፤ ገደሉን ይመቱታል ስትሉ ጉድጓዳቸው ውስጥ ይጠፋሉ። ጋሽ ደምሴ ከመንገድ ያነሷትን አንዲት የወንድ ጨረባ የክንፍ ላባ ሰጡኝና «ጠርዟን በጣትሽ ወደ ኋላ ዳብሻት» አሉኝ። ትሻክራለች፤ ትንንሽ ጥርስ አላት። ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «አላውቅም» አሉ ደስ ብሏቸው። «ሃያ ዓመት ሙሉ አላወቅኩም።» አላውቅም ሲል ደስ የሚለው መምህር ከእሳቸው ሌላ አላየሁም።

ስለ ዘጌም ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው፤ እኔ የአገሬው ልጅ ሆኜ ልብ ያላልሁትን። ዘጌ በሬ አይጠመድም። መሬቱ በማረሻ እንዳይነካ ከጥንት የተሠራ ሥርዓት አለ፤ ሰዉ የሚኖረው በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ነው። «ይህን ደን ያቆየው ማረሻ አለመግባቱ ነው» አሉኝ። «ወፏን ያቆየልን ደግሞ ደኑ ነው። ከሐይቁ ዙሪያ ሌላ ቦታ ፈልጌ አጥቻታለሁ።»

እንግዲህ መከራው የመጣው በዚያ ዓመት ክረምት ነው። የከተማው ትምህርት ቤቶች እያንዳንዳቸው ለገጠሩ አንድ ነገር ይሥሩ ተባለ። ለእኛ የደረሰን የዘጌ የገበሬዎች ማኅበር የስብሰባ አዳራሽ ነበር፤ ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። መስከረም ሁለት ለአብዮት በዓል መመረቅ አለበት፤ የበላይ አካል ይመጣል። ፈለቀ ወርዶ ቦታውን አየና ለጭቃው የሚሆነው አፈር ከመንገዱ ዳር ካለው ገደል ይቆፈር ብሎ ወሰነ። ለስላሳ ነው፣ ቅርብ ነው፣ ተቆርጦ ቆሟል። ወሩ ሐምሌ ማለቂያ ነበር። ጉድጓዶቹ ውስጥ ጫጩት ነበረ።

ጋሽ ደምሴ ወደ ቢሮ ሲገቡ እኔ ከበሩ አጠገብ እየጻፍሁ ነበር። ጫማቸው በጭቃ ተለውሷል፤ በቀጥታ ከጀልባ ነበር የመጡት።

«ጓድ ፈለቀ፣ ሃያ ቀን ስጡኝ» አሉ። «ሌላ ምንም አልጠይቅም። በሃያ ቀን ውስጥ ጫጩቶቹ በርረው ይወጣሉ፤ ከዚያ ገደሉን እኔው ራሴ እቆፍርላችኋለሁ። ካልሆነም አርባ እርምጃ ወዲያ ያው ቀይ አፈር አለ። በእጄ አሽቼ አይቼዋለሁ፣ ጥሩ ጭቃ ይወጣዋል።»

ፈለቀ ብዕሩን ጠረጴዛ ላይ ወረወረ። «አብዮቱ ለወፍ አይጠብቅም!»

«አብዮቱማ አይጠብቅ። እኛ እንጠብቅ ነው የምለው።»

«ይህን ከማን እንደተማሩት አውቃለሁ። መሬት አይነካም የሚለው የመነኮሳቱ አጉል እምነት ነው! አንድ የሳይንስ መምህር ለአድኃሪያን ጠበቃ ሲቆም አያሳፍርም?»

ይኸውላችሁ! ዘጌ የተከለከለው ማረስ ነው፤ መቆፈርን ማንም ከልክሎ አያውቅም። ዶማ በየቤቱ አለ። መነኮሳቱ ስለ ገደሉ አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ እንዲያውም አንዳንዶቹ ጋሽ ደምሴን ጉድጓድ ለጉድጓድ የሚያዩ ጠንቋይ ይሆኑ እንዴ ብለው ይጠረጥሯቸው ነበር። ጋሽ ደምሴ ይህን ለማስረዳት ሞከሩ። ፈለቀ ግን የአርባ እርምጃውን አፈር እንኳ ሄዶ ሊያይ አልፈቀደም። አርባ እርምጃ ቢሄድ ለወፍ ተሸነፈ ይባላላ!

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሂስና ግለ ሂስ ተጠራ። ይህን ያላያችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ሰው በባልደረቦቹ ፊት ቆሞ ጥፋቱን ይናዘዛል፤ ረሳሁት ካለ ባልደረቦቹ ይጨምሩለታል። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነበርሁ። መጀመሪያ ባልደረቦቻቸው ተነሡ። ያ ጥንዚዛው ያስጮኸው የሒሳብ መምህር፣ ልጁ ታሞ በነበረ ጊዜ ጋሽ ደምሴ በየማታው ሆስፒታል እየሄዱ የጠየቁለት ሰው፣ «ጓድ ደምሴ ወፍን ከሰፊው ሕዝብ ያስበልጣሉ» አለ። ሌላው «እሁድ እሁድ ብቻቸውን ዘጌ ምን እንደሚያደርጉ ግልጽ አይደለም» አለ። አብረዋቸው ሄደው ያዩ ሦስት መምህራን በክፍሉ ውስጥ ነበሩ። አልተነፈሱም። እኔም ሄጄ አይቼ ነበር። ጻፍሁ እንጂ አልተናገርሁም።

ተራው የጋሽ ደምሴ ሆነ። ተነሥተው ኮታቸውን ቆለፉ።

«ጥፋት አጥፍቻለሁ» አሉ። ፈለቀ ፊቱ በራ። «ባለፈው ወር ለተማሪዎቼ በገደሉ ላይ ሠላሳ አንድ የጨረባ ጉድጓድ አለ ብዬ ነበር። ትናንት ተመልሼ በደንብ ስቆጥር ሦስቱ የዓሣ አጥማጅ ወፍ ሆነው አገኘኋቸው። ስለዚህ ሃያ ስምንት ነው። ተማሪ አሳስቻለሁ፤ ለዚህም በጓዶቼ ፊት ራሴን ሂስ አደርጋለሁ።»

ተቀመጡ። አንድ ሰው ከኋላ ሳቁን በሳል ሸፈነው። እየቀለዱ አልነበረም፤ ይህን እኔ እምላለሁ። ሌሊቱን ጥፋታቸውን ሲፈልጉ አድረው ያገኙት እሱን ነበር። ፈለቀ ግን እንደ ተሰደበ ነው የቆጠረው። ጠረጴዛውን መትቶ ስብሰባውን ዘጋ፤ ቁፋሮውም በማግስቱ ይጀመር ብሎ አዘዘ።

በማግስቱ ሁለት ጀልባ ሙሉ ተማሪ ይዘን ወረድን። የእኔ ሥራ ስም መመዝገብ ነው፤ ማን መጣ፣ ማን ቀረ። ጋሽ ደምሴ ቀድመውን ደርሰው ገደሉ ሥር ቆመው አገኘናቸው፤ በእግር ነበር የመጡት፣ ሌሊት ተነሥተው። ተማሪዎቹ ዶማቸውን ይዘው ፈዘው ቆሙ። አብዛኞቹ የእሳቸው ተማሪዎች ናቸው። ፈለቀ «ምን ትጠብቃላችሁ?» ብሎ ጮኸ። እሺ እንዳይሉ አስተማሪያቸው ፊታቸው ናቸው፣ እምቢ እንዳይሉ ወላጅ አላቸው። ያኔ ጋሽ ደምሴ ራሳቸው ከገደሉ ፊት ገለል አሉ። በልጆቹ ላይ መዘዝ እንዳይመጣ ነው። «ቀስ ብላችሁ ቆፍሩ» አሏቸው፣ «ያገኛችሁትን ለእኔ ስጡኝ።»

ቆፈሩ። ልጆቹ ከአፈሩ ውስጥ እየለቀሙ ይሰጧቸዋል፤ እሳቸው በባርኔጣቸው ይቀበላሉ። የተሰበረ እንቁላል፤ ገና ዓይኑን ያልገለጠ ጫጩት፤ ላባ አውጥቶ ሊበርር ጥቂት ቀን የቀረው ጫጩት። አብዛኛው አፈር ሥር ቀርቷል። ወላጆቹ ከላያችን ይመላለሱ ነበር፣ አፋቸው ትንኝ እንደያዘ፣ ጉድጓዳቸው የነበረበት ድረስ መጥተው አየር ላይ ይዞራሉ። ወፎች ሲጮኹ ሰው ቢያንስ ያዝናል፤ እነዚህ አይጮኹም። አንዲት ልጅ ዶማዋን ጥላ ወደ ሐይቁ ዞራ አለቀሰች፤ ፈለቀ ስሟን መዝግቢ አለኝ። ጋሽ ደምሴ ወደ እኔ መጥተው ባርኔጣቸው ስለ ሞላ አንዷን ጫጩት መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። «ትንሽ ያዥልኝ፣ ሙቀት ትፈልጋለች» አሉኝ። ትሞቅ ነበር። ልቧ መዳፌ ላይ ሲመታ ይሰማኛል፤ በሌላው እጄ መዝገቡን ይዣለሁ።

ጋሽ ደምሴ ዝንብ እያጠመዱ ሲያበሏቸው ሰነበቱ። በአራተኛው ቀን የመጨረሻዋ ሞተች።

አሁን የአዳራሹን ነገር ስሙልኝ፣ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። አፈሩ ተቆፍሮ ከወደቡ አጠገብ ተከመረ። ጭቃ ሊቦካ ውሃ ተቀዳ። ያኔ አንዱ አናጢ «ጭዱስ የት አለ?» አለ። ጭቃ ያለ ጭድ እንደማይዝ የማያውቅ የለም፤ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ይረግፋል። ፈለቀ ወደ አያ ጥላሁን ዞሮ «ጭድ አቅርቡ!» አለ።

«ጭድ?» አሉ አያ ጥላሁን፣ የእውነት ግራ ገብቷቸው። «ጭድ እኮ ከጤፍ ነው የሚገኝ፣ ጌታዬ። እኛ አናርስ! ለቤታችንም ቢሆን ከማዶ ነው የምናስመጣው፣ ያውም አውድማ ከተወቃ በኋላ። አሁን በነሐሴ ማን ጭድ አለው? ጤፉ ገና እየተዘራ አይደለም?»

ዘጌ ማረስ መከልከሉን በየስብሰባው ሲያወግዝ የከረመው ሰው፣ የማያርስ አገር ጭድ እንደማይኖረው ለአንድ አፍታ አላሰበም። ጭድ ከከተማ በጀልባ ይመጣል ተባለ፤ አልመጣም። ክረምቱ ክምሩን በየቀኑ እየሸረሸረ ወደ ጣና አወረደው። መስከረም ሁለት የተመረቀው አራት ቋሚ ምሰሶና አንድ ቀይ ጨርቅ ነው። ከዚያ ገደል የወጣ አንድ እፍኝ አፈር ግድግዳ ላይ አልዋለም። አንዲት እፍኝ! ሃያ ቀን ቢጠበቅ ኖሮ የሚጎድል ነገር አልነበረም፤ መቶ ቀን ቢጠበቅም ጭዱ ይገኝ ነበር።

ጋሽ ደምሴ ግን ከቁፋሮው በፊት ስለ ወፎቹ ለሚመለከተው የበላይ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጽፈው ኖሯል። መልሱ በመስከረም መጣ፤ ሁለት መስመር፣ «የተባለው ጉዳት ደርሶ እንደሆነ ተጣርቶ ይገለጽልን» የሚል። ፈለቀ ያን ቀን ላብ በላብ ሆነ። አዳራሹ የለም፣ በዚያ ላይ ጥያቄ መጣ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አስቀድሜ ልናገር። ጋሽ ደምሴ ወደ ቆላ ተጣሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስቴር የልብ ሕመምተኛ ስለነበሩ ቆላ ሊከተሏቸው አልቻሉም፤ ባሕር ዳር ቀሩና እዚሁ አረፉ። ባልየው ለቀብር የደረሱት በሦስተኛው ቀን ነው፤ መኪና አጥተው። ፈለቀ አደገ፣ ተዛወረ፣ ጡረታውን በሰላም ይበላል። ጋሽ ደምሴ ደርግ ከወደቀ በኋላ ተመልሰው ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ሰፈር ትንሽ ቤት ተከራይተው ኖሩ። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ቆመው «ስንዱ፣ ልጆች ደኅና ናቸው?» ይሉኛል። አንድ ጊዜ ብቻ ስለ ወፎቹ አነሡ፤ ከአያ ጥላሁን ጋር ከደኑ በላይ ሌላ ገደል ላይ አምስት ጉድጓድ አይተው መጥተው ነበር። «ሃያ ስምንት ነበር» አልሁ ሳላስበው። «አዎ» አሉ። ይቅርታ ልጠይቅ ሦስት ጊዜ ቤታቸው ደጅ ደርሼ ተመልሻለሁ። አሁን ደጁም የለም።

ይቅርታ የምጠይቅበት ምክንያት ይህ ነው። ደብዳቤው በመጣ በማግስቱ ፈለቀ አንድ ወረቀት አጻፈኝ፤ ጋሽ ደምሴ እንዲፈርሙበት። ሦስት ነገር ይላል። በገዛ ፈቃዳቸው ዝውውር ጠይቀዋል። ስለ ሥራ ዘመቻው ባሰሙት ተቃውሞ መሳሳታቸውን አምነዋል። ቁፋሮው ሲካሄድ ወፎቹ ቀድመው ሄደው ስለነበር ምንም ጉዳት አልደረሰም። ከፈረሙ ይፋግ ይመደባሉ፤ ቅርብ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታቸው ይገባሉ። ካልፈረሙ ቆላ ነው። ሁለቱንም ፊት ለፊት ነገራቸው።

ጋሽ ደምሴ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ብዕራቸውን አወጡ። የመጀመሪያውን በጣታቸው እየተከተሉ «ይሁን» አሉ። ሁለተኛውንም «ይሁን፤ የማይሳሳት የለም» አሉ። ሦስተኛው ላይ ጣታቸው ቆመ።

«ይህን ሰርዙልኝና እፈርማለሁ።»

«አይሰረዝም። የተጠየቅነው እሱን ነው» አለ ፈለቀ።

ጋሽ ደምሴ ወጡ። ከቤተ ሙከራው የመስታወት ጠርሙስ ይዘው ተመለሱ፤ በአልኮል ተሞልቷል፣ ውስጡ ከጫጩቶቹ አንዷ አለች፤ ክንፏ ላባ አውጥቷል፣ ከሥሩ ነጩ ይታያል። ወረቀቱ ላይ አስቀመጧት።

«ቀድመው ከሄዱ ይቺ ማን ናት?»

ፈለቀ ጠርሙሱን ላለማየት ወደ መስኮት ዞረ። «ከየት እንደመጣች በምን ይታወቃል? ከገደሉ ስትወጣ ማን አየ?»

«ስንዱ አይታለች» አሉ ጋሽ ደምሴ። እንደ ቀላል ነገር ነው ያሉት፤ ምንም ሳይጠራጠሩ። «እጇ ላይ ነው ያስቀመጥኩላት።»

ፈለቀ ወደ እኔ ዞረ። «ጓድ ስንዱ፣ አይተሻል?»

እናቴ ነበረችኝ፣ ደመወዜ ነበረ፣ ፍርሃቴ ነበረ። ይህን ሁሉ ዛሬ ብደረድር ማንን ይጠቅማል? የሒሳብ መምህሩም ይህንኑ ነው የሚደረድረው። ጋሽ ደምሴ ወደ እኔ አላዩም፤ መልሱን የሚያውቁት ስለ መሰላቸው ብዕራቸውን እያዘጋጁ ነበር።

«እኔ ስም እየመዘገብሁ ነበር» አልሁ። «አላየሁም።»

ያኔ ቀና ብለው አዩኝ። ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ረስቼው ነበር። የብዕራቸውን ክዳን ገጥመው ኪሳቸው ከተቱ። ጠርሙሱን ከወረቀቱ ላይ አንሥተው የእኔ ጠረጴዛ ላይ፣ ከጽሕፈት መኪናው አጠገብ አኖሩትና ወጡ።

ፈለቀ ወረቀቱን ያለ ፊርማቸው፣ ከትምህርት ቤቱ እንደተጻፈ አድርገሽ እንደገና በንጹሕ በሦስት ቅጂ አውጪው አለኝ፤ አንዱ ለጠየቀው መሥሪያ ቤት፣ አንዱ ለማኅደራቸው። ወረቀት አስገባሁ፣ በመሃሉ ካርቦን ደረብሁ። ወፎቹ ቀድመው ሄደው ስለነበር ብዬ መታሁ። የመኪናው ሠረገላ መስመር ጨርሶ በተመለሰ ቁጥር ጠረጴዛው ይነቃነቃል፣ አልኮሉ ይናወጣል፣ የጫጩቷም ክንፍ ከውስጥ ትንሽ ይከፈትና ይታጠፋል። ምንም ጉዳት አልደረሰም ብዬ ጨረስሁ።